የካምቢዮው ማኪያቶ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ውሎ አድሮ መካኒክ ነኝ ብሎ ማመኑ አይቀርም። እኔም ከዚህ በሽታ አላመለጥኩም። አንዲት መኪና አለችኝ። አምቦ ከተማ ውስጥ ከሷ ጋር ያያችሁኝ ካላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ያያችሁኝ ውስጧ ተቀምጬ ሳይሆን ከኋላዋ ሆኜ ስገፋ ነው። የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ በስሜ ባያውቁኝም በጀርባዬ ያውቁኛል። በእነዚህ ዓመታት ካቻቢቴ መያዝ፣ ኮፈን ከፍቶ ወገብ ላይ እጅ ጭኖ መቆም፣ ከዚያም ራስን እየነቀነቁ «ፐ!» ማለት ተምሬያለሁ። ከሦስቱ በደንብ የቻልኩት የመጨረሻውን ነው።

የምሠራው አንዲት የፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ነው፤ የንብረት ክፍል ባለሙያ ነኝ። ቢሯችን ሐሮ ወንጪ፣ ማለትም ወንጪ ሐይቅ ላይ፣ ላለ የጀልባ ማህበር አንዲት ባለሞተር ጀልባ ሰጥቷል። ሞተሯ ግን በእኛ መዝገብ ላይ ነው፤ እኔ እቆጣጠረዋለሁ፣ ማህበሩ ይሠራበታል። ሹፌሯ ኦቦ ለሚ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመቅዘፊያ ሰው ሲያሻግሩ ኖረው፣ ትከሻቸው እንቢ ማለት ሲጀምር ሞተሩ ደረሰላቸው። ያቺን ሥራ ቢያጡ መቅዘፊያውን የሚመልሱበት ትከሻ የላቸውም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ጀልባ ካምቢዮ አለው እንዴ የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው። ሞተሩ ውሃ ውስጥ በሚነከረው ጫፉ ላይ፣ ጀልባዋን የሚገፋውን ክንፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዞሩ ጥርሶች በዘይት ተነክረው የሚኖሩባት ጠባብ ቤት አለች። ይህች ቤት ሁለት ቀዳዳ አላት፤ ሁለቱም በቡሎን ይዘጋሉ። በቡሎኑና በቀዳዳው መሃል ደግሞ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ሮንዴላ አለች። ሥራዋ ዘይቱን ውስጥ፣ ውሃውን ውጭ ማቆየት ነው። በመጠን ትንሽ፣ በኃላፊነት ትልቅ ናት። እኛ ቢሮ የለመድነው የዚህን ተቃራኒ ስለሆነ አላከበርኳትም።

የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ደረሰ። ደንቡ መካኒክ ይጠራ ይላል። መካኒክ ለመጥራት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለደብዳቤው ሦስት ፊርማ፤ ለሦስቱ ፊርማ ደግሞ ሦስቱ ሰዎች በአንድ ቀን ቢሮ መገኘት አለባቸው፤ ይህ በእኔ የሥራ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዚያውም ፎቶ የምንነሳ ቀን ሆኗል። ስለዚህ ዘይቱን በጄሪካን ይዤ፣ ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ ራሴ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

«መካኒክ አይመጣም?» አሉኝ ኦቦ ለሚ።

«መካኒኩ ፊትዎ ቆሟል» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ለዚያች ቀን ብቻ ትከሻቸውን እያሹ ጎብኚዎች ሊያሻግሩ በመቅዘፊያዋ ጀልባ ሄዱ። እኔም ብቻዬን ቀረሁ። ታችኛውን ቡሎን ፈታሁ፤ ዘይቱ ወረደ፤ አብራው ሮንዴላዋም ወርዳ ሣር ውስጥ ገባች። ፈለግኳት። ተንበርክኬ ፈለግኳት። ሣሩን በጣቶቼ እያበጠርኩ፣ አጠገቤ የሚግጥ ፈረስ ሳይውጣት አይቀርም ብዬ አፉን እስከ ማየት ደረስኩ። የውሃ ሽታ ሆነች።

ከአምቦ የወጣ ሰው ቦርሳው ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ጋዝ ያለው ውሃ አይጠፋም። ጠርሙሱን ከፈትኩ፤ ጠጣሁ፤ እንደ ወጉ አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ቆርኪው እጄ ላይ ነበር። ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ውስጡ ክብ፣ ስስ፣ ለስላሳ ላስቲክ አለ። በዚያች ቅጽበት አእምሮዬ ውስጥ የበራውን መብራት ባታውቁት ይሻላል። ይህ ላስቲክ ያን ሁሉ ጋዝ፣ ሲከፈት «ጷ!» ብሎ ሰው የሚያስደነግጠውን ኃይል፣ ለወራት አፍኖ የኖረ ነው። ከሱ የበለጠ ጸጥተኛ የሆነውን የወንጪን ውሃ መከልከል ያቅተዋል? አምቦ ተወልዶ ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም። ላስቲኩን በቢላ ፈልቅቄ፣ በምስማር በስቼ፣ ቡሎኑ ላይ አጥልቄ አሠርኩት። የጥገና ቅጹ ላይም «ሰርቪስ ተደርጓል» ብዬ ፈረምኩ። ቆርኪው እዚህ ውስጥ አንዳች ጥፋት የለበትም፤ ጠርሙስ ዝጋ ተብሎ ተሠራ እንጂ ዘይት ውስጥ ኑር ያለው የለም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ኦቦ ለሚ ደወሉ። «አካም ጅርታ» ተባባልን፤ ቤተሰብ ተጠየቀ፣ ከብት ተጠየቀ፣ ዝናብ ተጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው።

«ሞተሩ ያጉረመርማል።»

«ምን ይላል?»

«ወደ ፊት ሳስገባው ደስ አይለውም። ግድ ሆኖበት ነው የሚሄደው። እንደ መንግሥት ሠራተኛ።»

ሄድኩ። ሚኒባሱ ከሚያራግፈኝ ቦታ እስከ ሐይቁ ድረስ ያለውን ቁልቁለት «ሌላ ነገር ይሁን» እያልኩ ጸለይኩ። ቡሎኑን ስፈታው ከካምቢዮው የወጣው ነገር ዘይት ነው ለማለት ይቸግራል። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ከላዩ አረፋ ያለው፤ ብርጭቆ ብቻ ነው የጎደለው። ለሃያ ዓመት ያህል አምቦ ካፌዎች ውስጥ ያዘዝኩት ማኪያቶ ይኸው እዚህ ተቀዳልኝ። ኦቦ ለሚ ጎንበስ ብለው አዩትና «ኣናን» አሉ፤ ወተት። ዘይት ውሃ ሲገባበት መልኩ እንዲህ እንደሚሆን እኔም ከመኪናዬ አውቃለሁ። ላስቲኩ ተጨማዶ፣ ታኝኮ እንደተተፋ ማስቲካ ሆኖ ቡሎኑ ላይ ተለጥፏል። ማንም ሳያየኝ ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። የወንጀለኛን ሥራ እንዲህ በቅልጥፍና እሠራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እንግዲህ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። ሪፖርታችን አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚሄድ በአማርኛ ነው የሚጻፈው። «ጉዳዩ፦ ጀልባዋ ውሃ ስለመግባቷ» ብዬ ርዕስ ሰጠሁትና ለአስተባባሪያችን ለወይዘሮ አስቴር አቀረብኩ። ወይዘሮ አስቴር ሰው ሳይሆን ፊደል ነው የሚያምኑት።

«ጀልባ ውሃ ካልገባች የት ልትገባ ነው? ገበያ?» ብለው መለሱልኝ።

አስተካክዬ «ጀልባዋ ውሃ ስለገባባት» ብዬ ላክሁ። ይህን ሲያነቡ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። «ሰጠመች? ሰው አለባት?» ጥያቄውን ለመመለስ አፌን ሳልከፍት ለአዲስ አበባ በቴሌግራም ጽፈው ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሐዘን መግለጫ ደረሰን። የሟቾች ስም ዝርዝር በአስቸኳይ እንዲላክም ተጠየቅን። የሞተ የለም ብለን ስንጽፍ፣ «ታዲያ ለምን ሐዘን ገለጽን?» የሚል ማብራሪያ ጠየቁ።

ሦስተኛው ላይ «በጀልባዋ የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ውሃ ስለመገኘቱ» ብዬ ተገላገልኩ። ወይዘሮ አስቴር አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሁን ገባኝ። ማን አስገባው?»

«ይጣራል» አልኩ።

«በትክክል!» አሉ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ለጉዳዩ የሙያ ቅርበት ያለው ሰው እንዲሆን ተወሰነ። ሰብሳቢው እኔ ሆንኩ።

ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናቸው። ሌላው ውሃ ስለሚፈሩ ሐይቅ ያለበት ስብሰባ አይገኙም። ስለዚህ ኮሚቴው እኔ፣ ተጠርጣሪው እኔ፣ ፀሐፊው እኔ ሆንኩ። ሥራው ግን በሥርዓት መሠራት አለበት። ሰርቪሱን ላደረገው ባለሙያ የጥሪ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ወጪ መዝገብ ላይ አስመዘገብኩት፤ ዞሬ ገቢ መዝገብ ላይ ተቀበልኩት። በቀጠሮው ቀን በሰዓቱ ተገኘሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያረፍድ ነበር። «ባለሙያው ቡሎኑን በሚገባ ማሠሩን አስረድቷል፤ ኮሚቴውም ቃሉን ታማኝ ሆኖ አግኝቶታል» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ስጽፍ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ፈገግታው ብዙ አልቆየም እንጂ።

የማኪያቶውን ናሙና በማር ማሰሮ ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሁለት ባልደረቦቼ «ከየት ነው ያመጣኸው? ለኛም አስመጣልን» አሉኝ። የጽዳት ሠራተኛችን ደግሞ ዝንብ እንዳይገባበት ከድና አስቀመጠችልኝ። ጥንቃቄ ማለት እንዲህ ነው ብዬ አፈርኩ።

መለዋወጫ ለመግዛት የመኪና ቅጽ ብቻ ነው ያለን። ታርጋ ቁጥር ይላል፤ «የላትም»። የተጓዘችው ኪሎ ሜትር ይላል፤ «ደርሶ መልስ»። የጎማዎቹ ሁኔታ ይላል፤ «ጎማ የለም»። በሦስተኛው ቀን ቅጹ ከግዢ ክፍል ተመለሰ፤ ከላዩ ላይ በቀይ «መጀመሪያ ጎማዎቹ የት እንደደረሱ ይጣራ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለተኛ አጣሪ ኮሚቴ ከመቋቋሙ በፊት እኔ ራሴ እገዛለሁ ብዬ ወጣሁ።

ገበያው ዳር ጋሽ ሱልጣን የሚባሉ መለዋወጫ ሻጭ አሉ። ከስልጤ መጥተው አምቦ ላይ የሸበቱ ሰው ናቸው። ለመኪናዬ ያልሸጡልኝ ዕቃ ቢኖር ራሷን መኪናዋን ብቻ ነው። «የጀልባ ሞተር ነው» ብዬ ቡሎኑንና የተኮማተረውን ላስቲክ ባንኮኒያቸው ላይ አኖርኩላቸው። ላስቲኩን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃን አዩት።

«ይሄ ከቆርኪ የወጣ ነው» አሉ።

«ነው እንዴ?» አልኩ።

«የጠርሙስ ነው። ሱብሃነላህ! ማን ነው ይሄን ጀልባ ላይ ያሠረ?»

እኔ የተደረደሩትን ጣሳዎች መቁጠር ጀመርኩ።

«ሹፌሩ ነዋ» አሉ ራሳቸው። «ሹፌር መቼም የእጁን አይተውም።»

«እ…» አልኩ። ይህ «እ…» አዎ አይደለም፤ አይደለምም አይደለም። ብዙ ሰው ኑሮውን የሚመራው በዚህች ፊደል ነው። እኔ ግን ይህችን ፊደል ያወጣሁት በኦቦ ለሚ ላይ ነበር። ጋሽ ሱልጣን ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ትክክለኛዋን ሮንዴላ ፈልገው አወጡልኝ። «ውሰዳት» አሉኝ። «ዘይቱን ደግሞ ከታችኛው ቀዳዳ ነው የምትሞላው፤ በላይኛው ሲወጣ ታቆማለህ። ከላይ ከሞላኸው አየር ይይዝብሃል።» እኔ ከላይ ነበር የሞላሁት። ይህንንም አልነገርኳቸውም።

ወንጪ ሄጄ ዘይቱን ሞላሁ፣ አስነሣን፣ አፈሰስኩ፤ ደገምኩት። በሦስተኛው ጊዜ የወጣው ዘይት የዘይት መልክ ነበረው። ሞተሩም ማጉረምረሙን ተወ። ኦቦ ለሚ አንድ ዙር ዞረው ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። በኔ ቤት ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ። ሞተሩ ከዳነ ማን ምን ቸገረው?

አዲስ አበባን ቸገረው። «ተጠያቂው አካል ያልተገለጸበት ሪፖርት ተቀባይነት የለውም» ብለው ጻፉ። ቁጭ ብዬ ሪፖርቱን አስፋፋሁት። የቢሮ አማርኛ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው መደበቂያ ጫካ ነው። «በጥገናው ወቅት ሮንዴላው ጠፍቷል። በሌላ ተተክቷል። ቡሎኑ ታስሯል። ከጊዜ በኋላ ውሃ ገብቷል። የጥንቃቄ ጉድለት ታይቷል።» ስንት ነገር ተደርጓል፤ ያደረገ ሰው ግን በአካባቢው አልነበረም። ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። ወይዘሮ አስቴር ከሥሩ አንድ መስመር ጨመሩበት፦ «ስለሆነም ሹፌሩ ከኃላፊነታቸው እንዲነሡ ኮሚቴው ይወስናል።» የጥንቃቄ ጉድለት ካለ ጉድለቱ የሆነ ሰው ላይ ማረፍ አለበት፤ ሪፖርቱ ውስጥ ደግሞ በስም ያለው ሰው ሹፌሩ ብቻ ነው። ያቺን መስመር እኔ አልጻፍኳትም። አልሰረዝኳትምም። ፈረምኩ፤ ከሥሩም ማኅተም መታሁበት።

ውሳኔው የሚነበበው በማህበሩ አባላት ፊት፣ ሐይቁ ዳር ባለችው መጠለያ ነበር። ኦቦ ለሚ የመነሣታቸው ወሬ አስቀድሞ ደርሷቸው ኮት ለብሰው መጡ። ወይዘሮ አስቴር መሃል ተቀመጡ፤ እኔ ቆሜ አነበብኩ። «ሮንዴላው ጠፍቷል» ስል ኦቦ ለሚ እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ። ጠፍቷል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቦታው ላይ አልተገኘም ማለት ነው» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«እሺ። ራሱ ሄደ። ተተክቷል?»

«ሌላ ገባበት።»

«እሱም ራሱ መጣ። ቡሎኑም ራሱ ታሠረ፣ ውሃውም ራሱ ገባ።» አንድ ሁለት እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁሉም ነገር ራሱ ነው የሠራው። ታዲያ እኔ ብቻ ለምንድነው በሰው የምነሣው?»

ከአባላቱ ማንም አልሳቀም። ኦቦ ለሚ ወደ እኔ ዞሩና አማርኛውን ትተው በዝግታ ጠየቁ።

«ኤኙቱ በሌሴ?»

ማን ነው ያጠፋው ማለት ነው። በዚህ ቋንቋም እንደ አማርኛው ዕቃ ያጠፋና ጥፋት ያጠፋ ሰው በአንድ ቃል ይጠራሉ። በአማርኛ ቢጠይቁኝ ኖሮ የማመልጥበት ግስ አላጣም ነበር፤ ሥራዬ እሱ ነው። ይህ ግን እናቴ በልጅነቴ ብርጭቆ ሲሰበር ትጠይቀኝ የነበረው ጥያቄ ነው። በዚህ ቋንቋ ሪፖርት ጽፌ አላውቅም፤ በዚህ ቋንቋ የማውቀው ዱላና እውነት ብቻ ነው።

«አነቱ በሌሴ» አልኩ። እኔ ነኝ።

«በአማርኛ በለው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዛል» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሮንዴላዋን የጣልኳት እኔ፣ የቆርኪ ላስቲክ ያሠርኩበት እኔ ነኝ። እሳቸው ያን ጊዜ ሰው እያሻገሩ ነበር።»

ወይዘሮ አስቴር ሪፖርቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «እዚህ ላይ ግን ኮሚቴው የባለሙያውን ቃል ታማኝ ሆኖ አግኝቶታል ይላል።»

«ኮሚቴው ዋሽቷል።»

«ኮሚቴው ማነው?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

ወይዘሮ አስቴር በራሳቸው እጅ የጨመሯትን መስመር ሁለት ጊዜ ሰረዙባትና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ አዘዙ። ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፈው ሲጠየቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጻፍኩት። አስቡት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አድራጊው በግልጽ የታወቀበት ደብዳቤ ጻፍኩ።

ስብሰባው ሲበተን ኦቦ ለሚ ጀልባዋ ዘንድ ወርደው ገመድ ሲፈቱ አገኘኋቸው።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወተቱን ያየን ቀን። ዘይቱን ካንተ ሌላ ማን ነካው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ገመዱን ጠቅልለው ጀልባዋ ውስጥ ጣሉት። «የምትጽፈው አንተ ነህ። ትጽፈዋለህ ብዬ ጠበቅኩ።» ከዚያም ጨመሩ፦ «ሚስቴን በየቀኑ ነገ ይጽፈዋል እላት ነበር።»

እሳቸው ጀልባዋ ላይ ወጥተው ሞተሩን አስነሡ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። እኔ ዳር ቆምኩ። ግባ አላሉኝም፤ እኔም ልግባ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።